መልሼ በአማርኛ ስጽፈው

የዶክትሬት ትምህርቴን በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ የቀደሙ ጥናቶችን የሚዳስስ 38 ገጽ ጽሑፍ ለአማካሪዬ ላክሁ። ስምንት ወር ያህል የደከምሁበት ስለ ነበር ቢያንስ «ጥሩ ጅምር ነው» የሚል ቃል እጠብቅ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ቢሯቸው ስደርስ ጽሑፉን አሳትመው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠውታል፤ በሠላሳ ስምንቱም ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፉት ግን ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ነበሩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ይላል። ሃያ ሰባተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «አዶፕሽን ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?» ይላል። ሁለቱንም መመለስ አልቻልሁም። «ያነበብሽው ብዙ ነው፤ አንቺን ግን ውስጡ አላገኘሁሽም» አሉኝ። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ያዘኑልኝ ይመስሉ ነበር። ወደ ደሴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማስበው እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት አነባበቤም፣ ማስታወሻ አያያዜም፣ አጻጻፌም ተለውጧል። ለውጡ የመጣው በአመዛኙ ከአንድ ልማድ ነው፦ በእንግሊዝኛ ያነበብሁትን በአማርኛ መልሼ መጻፍ።

ጥናቴ ከደሴ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባሉ ተዳፋት ማሳዎች ላይ ስለ ተሠሩ እርከኖችና ስለ ገበሬዎቻቸው ነው። አካባቢው ለአፈር ጥበቃ ጥናት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክትን ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ጣቢያ ያቆሙት እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ አልብኮ ወረዳ፣ ማይባር ሐይቅ አጠገብ ነበር። ጣቢያው የሚከታተለው ተፋሰስ ስፋቱ ወደ 113 ሄክታር ብቻ ቢሆንም፣ ስለ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የአፈር መሸርሸር የተጻፈ ነገር የሚያነብ ሰው ማይባር የሚለውን ስም ሳያገኝ አይቀርም። እኔ ግን ተወልጄ ካደግሁበት ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ እንኳ የማይሞላውን ይህን ቦታ፣ ለመጀመሪያው አንድ ዓመት ያህል፣ የማውቀው በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ የተነሣው 42 በሚለው ቁጥር ላይ ነው። እኔ የጻፍሁት በአካባቢው ከአንድ ሄክታር የእርሻ መሬት በዓመት 42 ቶን አፈር ታጥቦ እንደሚሄድ ነበር፤ ቁጥሩን ያገኘሁትም በቅርብ ዓመታት ከታተመ አንድ ጥናት ላይ ነው። ያንን ጥናት እንደገና ስከፍተው ቁጥሩን የወሰደው ከሌላ ጥናት ሆኖ አገኘሁት፤ ያም ከሌላ ወስዶታል። አራተኛው ላይ ስደርስ ምንጩ ተገኘ፦ ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሀንስ ሁርኒ ከምርምር ጣቢያዎቹ መረጃ ተነሥቶ ለመላ ኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ያወጣው አማካይ ግምት ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ስለ አገሪቱ የተገመተ እንጂ ማይባር ላይ የተለካ አልነበረም። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ «ግምት» የሚለው ቃል ወድቆ፣ «መላ አገሪቱ» የሚለውም ጠፍቶ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ የደጃችን ልኬት መስሎ ቀረበ። በማስታወሻዬ ውስጥ የነበረው ደግሞ ቁጥሩና የአንድ ደራሲ ስም ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ቁጥር ስይዝ አራት ነገር አብሬ እጽፋለሁ፦ ማን አለው፣ የትኛው ገጽ ላይ አለው፣ የትኛውን ቦታ ይመለከታል፣ ተለክቶ ነው ወይስ ተገምቶ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የበለጠ ድካም የቆጠበልኝ ልማድ የለም።

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር መለወጥ ነበረበት። እስከዚያ ድረስ ሳነብ ጽሑፉን ላፕቶፕ ላይ እከፍታለሁ፤ ጠቃሚ የመሰለኝን ዓረፍተ ነገር በቢጫ አቀልማለሁ፤ ከዚያም ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ገልብጬ አንድ ረጅም ፋይል ውስጥ አስገባለሁ። ፋይሉ 200 ገጽ አልፎ ነበር። ለመጻፍ ስቀመጥ ከዚያ እያወጣሁ፣ ጥቂት ቃል እየለወጥሁ እደረድራለሁ። ልማዱ ከየት እንደ መጣ አውቀዋለሁ። በአማርኛ ስንማር ኖረን ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ መጽሐፉም ፈተናውም እንግሊዝኛ ሆነ። የባዮሎጂውን ትርጓሜ ከነሥርዓተ ነጥቡ ሸምድደን ፈተና ላይ እንመልሰው ነበር፤ አንድ ቃል ካጎደልን ማርክ ይጎድላል ብለን እንፈራለን። ዓረፍተ ነገሩን መያዝና ነገሩን መረዳት አንድ መስሎን አደግን፤ በዲግሪም በማስተርስም የተለወጠ ነገር አልነበረም። አሁን እኔ የማስተምራቸው ተማሪዎችም እንደዚሁ ሲያደርጉ አያለሁ፤ ሰነፎች ስለሆኑ ግን አይደለም። እንዲህ የሚያነብ ሰው እንዲያውም ከሌላው አብዝቶ ይደክማል። የጎደለው ከጽሑፉ ጋር የሚከራከርበት የራሱ ቋንቋ ነው።

መውጫውን ያሳዩኝ የእናቴ አባት ናቸው። በልጅነታቸው ደረሳ ሆነው በወሎ መንደሮች እየዞሩ የቀሩ ሰው ናቸው፤ በእኛ አገር ኪታብ ይዞ ከሸህ እግር ሥር መማር «መቅራት» ይባላል። በዚያው ወር ሊጠይቁን ደሴ መጥተው ሳለ ቡናው ሲፈላ እኔ በወረቀት ተከብቤ ተቀምጫለሁ። አዩኝና «አሁንም ትቀሪያለሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ገና ነኝ» አልኋቸው።

«በምን ቋንቋ ነው?»

«በእንግሊዝኛ።»

«ታዲያ ማን ይፈታልሻል?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ሲቀሩ ሸህየው የዐረብኛውን ኪታብ አንድ ሐረግ ያነባሉ፤ እዚያው በአማርኛ ይፈቱታል፤ ደረሳውም በተራው አንብቦ በአማርኛ መልሶ ይፈታል። ዐረብኛውን አሳምሮ አንብቦ አማርኛው ላይ የተንተባተበ ደረሳ ወደሚቀጥለው ሐረግ አይሻገርም ነበር። የወሎ ዑለማዎች ይህን በቃል ብቻ አልተዉትም፤ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም፣ እየጻፉ መንዙማና የትምህርት ግጥም አቆይተውልናል። አብሮኝ የሚያስተምር አንድ የቄስ ልጅ ይህን ስነግረው በእነሱም ዘንድ እንደዚሁ መሆኑን አስረዳኝ፦ የግዕዙ ንባብ ይቀድማል፣ ነጠላ ትርጉሙ ይከተላል፣ ከዚያ «አንድም» እየተባለ ሐተታው ይሰፋል። በሃይማኖት የሚለያዩ ሁለት የትምህርት ሥርዓቶች፣ በአንድ አገር ጎን ለጎን፣ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ተነበበ የሚባለው በአማርኛ ሲፈታ ነው በሚለው ተስማምተዋል። እኔ ግን በዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ጽሑፍ እንኳ ፈትቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ፒያሳ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ገዛሁና ለራሴ ደንብ አወጣሁ፦ አንድ ጥናት አንብቤ ስጨርስ ላፕቶፑን ዘግቼ ያነበብሁትን በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ካልጻፍሁት አላነበብሁትም። የመጀመሪያው ማስታወሻ ከግማሽ ገጽ አላለፈም፤ ሁለት ሰዓት ግን ፈጀብኝ። ጥናቱ ስለ ማይባር ተፋሰስ ነበር። «ኢሮዥን» የሚለውን «የአፈር መሸርሸር» ብዬ ጻፍሁ። ቀጥሎ «ሴዲመንት ይልድ» የሚል መጣ፤ እሱንም «መሸርሸር» ልለው ስል እጄ ቆመ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ጸሐፊው ለምን ሁለት ስም ሰጣቸው? ለአባባ ብነግራቸው ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብሁ፤ ያን ጊዜ «ደለል» የሚለው ቃል መጣልኝ። የሚሸረሸረው ከማሳው የሚነሣው ነው፤ ደለል ወንዙ ዘንድ የሚደርሰው ነው። ታዲያ በመካከል የቀረው አፈር የት ገባ? የተወሰነው እርከኑ ጥግ፣ የተወሰነው የማሳው ግርጌ፣ የተወሰነው ሣሩ ላይ አርፏል። በጣቢያው ትናንሽ የመለኪያ መደቦች ላይ የሚገኘው ቁጥርና ከታች፣ ውሃው ከተፋሰሱ በሚወጣበት ቦታ፣ የሚለካው ቁጥር የማይመሳሰሉት ለዚህ ነው። ይህን ልዩነት የሚያብራሩ አሥር ያህል ጽሑፎች በቢጫ አቅልሜ ነበር፤ ከዓረፍተ ነገሮቹም ብዙዎቹ በቃሌ ነበሩ። ነገሩ የገባኝ ግን ማንኛውም የወሎ ገበሬ የሚያውቃቸውን እነዚህን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ስጽፋቸው ነው።

ከዚያ ወደ «አዶፕሽን» ተመለስሁ። በእኛ መስክ እጅግ የተለመደ ቃል ነው፤ ገበሬው እርከን ከሠራ መጠይቁ ላይ 1 ይጻፍለታል፣ ካልሠራ 0። በአማርኛ ልጽፈው ስል ግን ቃሉ እሺ አላለኝም። ገበሬው እርከኑን ተቀበለው? ለመደው? ፈቀደው? ወይስ ታዘዘ? እያንዳንዱ ግሥ የሚናገረው ታሪክ የተለየ ነው፤ በወሎ ደግሞ ታሪኩ ቀላል አይደለም። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ፣ በተለይም በደርግ ዘመን፣ በእነዚህ ተራሮች ላይ እጅግ ብዙ እርከን የተሠራው በምግብ ለሥራ ነው፤ እህሉና ዘይቱ ይመጣ የነበረውም በዓለም የምግብ ፕሮግራም በኩል ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ገበሬው ራሱ እርከኑን አፈረሰው፣ የተከለለውንም ደን ቆረጠው። እንግዲህ በ1978 ለዚያ ሰው 1 ተብሎ ቢጻፍለት ኖሮ ያ ምልክት ስለ ሰውየው ሐሳብ ምን ይነግረን ነበር?

በሚቀጥለው የመስክ ጉዞዬ ይህንኑ ይዤ ሄድሁ። ዕድሜያቸው ከሰባ ካለፈ አንድ ገበሬ ጋር ማሳቸው ዳር ተቀምጠን «አባት፣ እርከኑን ያኔ ተቀብለውት ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ተቀበልሁ እንኳ አይባልም። ስንዴ ሰጡን፣ ሠራን። ስንዴው ሲቀር የላዩን ናድሁት፤ አይጥ ይራባበታል፣ በሬም መዞሪያ ያጣል። የታችኛውን ግን ተውሁት። ደለሉን ሲይዝልኝ አየሁት፣ ወደድሁት» አሉኝ። ማታ ደሴ ገብቼ ንግግራቸውን እንዳለ መዝገቡ ላይ አሰፈርሁት። በአንድ ሰው አፍ መታዘዝም፣ ማፍረስም፣ መመልከትም፣ መውደድም ነበሩ፤ በመጠይቄ ላይ ግን ለእነዚህ ሁሉ የነበረው አንድ ሣጥን ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ የተነሣው ከዚያ ገጽ ነው፤ የቤተሰቦቹን መጠይቅም በሙሉ እንደገና አዘጋጀሁት። አማካሪዬ ያንን ምዕራፍ ካነበቡ በኋላ ስልክ ደውለው «አሁን አገኘሁሽ» ሲሉኝ አለቀስሁ።

አነባበቤም አብሮ ተለወጠ። አንድን ጥናት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በተራ አላነብም። መጀመሪያ አጽሕሮቱን፣ ቀጥሎ ሠንጠረዦቹንና ሥዕላዊ መግለጫዎቹን፣ ቀጥሎ መደምደሚያውን አያለሁ፤ ከጥናቴ ጋር የማይገናኝ ከሆነ አንድ መስመር ጽፌ እተወዋለሁ። አብዛኞቹ እዚህ ላይ ይቀራሉ። የተረፉትን ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ በተለይ ቀድሞ እዘለው የነበረውን፣ ጥናቱ እንዴት እንደ ተሠራ የሚገልጸውን ክፍል። ልኬቱ ስንት ዓመት ቆየ? በበልግ ነው የተሠራው ወይስ በክረምት? ዝናባችን ሁለት ጊዜ በመሆኑ ክረምቱን ብቻ የለካ ጥናት የበልጉን ጎርፍ አላየውም፤ ማሳው ታርሶ ራቁቱን ሳለ የሚመጣን ጎርፍ ያላየ ጥናት ደግሞ ስለ እኛ ተዳፋት ሲናገር በጥንቃቄ ነው የማደምጠው።

የምኖረው ደሴ ነው፤ የማስተምረው ኮምቦልቻ። በመካከል ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በሐረጎ እየተጠማዘዘ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሚኒባስ ውስጥ ማንበብ አልችልም፣ ያዞረኛል። ስለዚህ በማለዳ ያነበብሁትን በልቤ እደግመዋለሁ፦ የተጠየቀው ጥያቄ ምን ነበር፣ የት ተሠራ፣ ምን ተገኘ፣ የቱ አላሳመነኝም? ደሴ ላይ የጦሳን ተራራ ብርድ ለብሼ ተነሥቼ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበለኝ የቱ እንደ ጠፋኝ አውቀዋለሁ፤ ማታ ተመልሼ የማነበውም ያንኑ የጠፋኝን ነው። ይህ ነገር የእኔ ብልሃት መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ግን አሜሪካውያኑ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ይህንኑ አሳይተዋል። አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ፤ አንብበው ከቃላቸው ለማስታወስ የሞከሩት ግን ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ በግልጽ በለጡ። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን በሳምንቱ አብሮን የለም።

ስለ ማስታወሻ ዘዴዎች መፈለግ ስጀምር አብዝቼ ያገኘሁት የጀርመናዊውን የሶሲዮሎጂ ሊቅ የኒክላስ ሉማንን ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 እስኪሞት ድረስ ወደ 90,000 የሚጠጉ ካርዶች ጽፎ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቶ፣ አንዱን ከሌላው በቁጥሩ እያያያዘ አስቀምጧል። እኔም ካርቶን አስቆርጬ ሞከርሁት፤ ከሦስት ወር በኋላ ካርዱን ማደራጀት የንባቡን ሰዓት እየወሰደብኝ መሆኑን ስላየሁ ወደ መዝገቤ ተመለስሁ። ከእሱ የወሰድሁት ማያያዙን ነው። አዲስ ማስታወሻ ስጽፍ ቀድሞ ከጻፍሁት ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ፣ ከየትኛው ጋር እንደሚጣላ፣ ኅዳጉ ላይ የገጽ ቁጥር አሰፍራለሁ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጥናት ከደጋማ አካባቢዎቻችን በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር እንደሚሸረሸር ይገምታል፤ የሁርኒ ግምት ደግሞ 1.5 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። ሁለቱንም በተለያየ ወር አንብቤ በተለያየ ገጽ ላይ ጽፌአቸው ነበር። የኅዳጉ ቁጥር ባያገናኛቸው ኖሮ እያንዳንዱን በየቦታው እንደ እርግጠኛ እውነት ጠቅሼ አልፍ ነበር። የጽሑፎቹን ዝርዝር ራሱን የምይዘው ዞቴሮ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ በነፃ የሚገኝ ሲሆን ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ መስመር በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማስታወሻውን በወረቀት ብቻ መያዜ ግን አንድ ጊዜ ክፉኛ ጎዳኝ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማዋን ለቅቀን ወጣን፤ የያዝሁት ላፕቶፑንና የልጆቼን ልብስ ነበር። በታኅሣሥ ስንመለስ መዝገቡ አልነበረም። ሰው ከሰው በተለየበት፣ ስንቱ ቤቱን ባጣበት ጊዜ ስለ ደብተር ማዘን ነውር መስሎኝ ለማንም አልነገርሁም። ሆኖም ሌሊት ሌሊት የማስበው እሱን ነበር። ወደ 600 የሚጠጉ ጽሑፎች በፒዲኤፍ በእጄ ነበሩ፤ እነሱ ቢጠፉ መልሼ አወርዳቸዋለሁ። እነሱን የፈታሁበት 140 ገጽ ግን ከየትም አይወርድም። አዲስ መዝገብ ገዝቼ ከቃሌ መጻፍ ጀመርሁ። ስለ መሸርሸርና ስለ ደለል የጻፍሁት ቃል በቃል ተመለሰልኝ፤ የገበሬው ንግግርም ተመለሰልኝ። የቁጥሮቹ ሠንጠረዥ ግን አልተመለሰም፣ እንደገና ማንበብ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ በየማታው የቀኑን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለእኅቴም እልክላታለሁ።

መጻፍን በተመለከተ ረጅም የዕረፍት ጊዜ መጠበቅን ተውሁ። ቀድሞ «ሴሚስተሩ ሲያልቅ እጽፋለሁ» እል ነበር፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚታረም ወረቀት አለ፣ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የልጅ ሕመም አለ። ስለ መምህራን የአጻጻፍ ልማድ ብዙ ያጠናው ሮበርት ቦይስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጽፉት ረጅም ጊዜ ጠብቀው በአንድ ጊዜ ከሚጽፉት እንደሚበልጡ አሳይቷል። እኔን ግን ከዚህ ይልቅ ያሳመነኝ የማይባር መዝገብ ነው። ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሲደፈርስ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት፣ የጣቢያው ታዛቢ ወርዶ በየ10 ደቂቃው ናሙና ይቀዳል፣ የውሃውን ከፍታ ያነባል፣ ይጽፋል። ለታዛቢው በዚያች ሌሊት የጻፋት መስመር ምን እንደምትናገር ግልጽ አይደለም። መስመሮቹ ለዓመታት ተደራርበው ግን ሌሎቻችን ዛሬ የምንከራከርበትን መረጃ ሰጡን። ስለዚህ ከፈጅር ሶላት በኋላ ልጆቹ እስኪነሡ ድረስ 45 ደቂቃ እጽፋለሁ። የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ ካለፈው ቀን ማስታወሻ እነሣለሁ፣ ክርክሩን በአማርኛ እስከ መጨረሻው አደርሰዋለሁ። ቅዳሜ በእንግሊዝኛ አሰናዳዋለሁ። አማርኛው ላይ ያልቆመ አንቀጽ እንግሊዝኛው ላይ ቆሞልኝ አያውቅም።

ባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው ሥራን እጥፍ ማድረግ ነው ይሉኛል። የመመረቂያ ጽሑፉ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነውና፣ ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ማሰብን መልመድ አይሻልም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርግጥም በአማርኛ የማልጽፈው አለ፤ የስታቲስቲክሱን ስሌት፣ የቀመሩን ምልክት፣ ስምምነት ያልተደረሰበትን የሙያ ቃል እንዳለ በእኛ ፊደል አሰፍረዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ቃል ለመፍጠር አልደክምም። በሌላ ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ ተማሪዎቼንም በአማርኛ ጻፉ አልላቸውም፤ አንድ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጅ ማስታወሻውን በኦሮምኛ መያዝ ጀምሮ በአንድ ሴሚስተር ያሳየውን ለውጥ አይቻለሁ። እጥፍ የተባለው ሥራ ግን ከዚህ በፊት ሳልሠራው የቀረሁት ሥራ ነው። ስምንት ወር የፈጀብኝን ያንን 38 ገጽ ከሁለት ገጽ በቀር ጣልሁት፤ በመዝገቡ ተነሥቼ የጻፍሁት ሦስተኛው ምዕራፍ አምስት ወር ፈጀ፤ እስካሁንም በጥቃቅን እርማት ቆሞ አለ።

ባለፈው የካቲት ወደ እኒያ ገበሬ ተመልሼ ሄድሁ። መዝገቡ በአማርኛ ስለሆነ ስለ እሳቸው የጻፍሁትን ላነብላቸው እችላለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የያዝሁት ቢሆን ይህ ሐሳብ ጨርሶ አይመጣልኝም ነበር። ማሳቸው ዳር ተቀምጠን ሁለት ገጽ አነበብሁላቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ «የታችኛውን እርከን ግን አላፈረሱትም» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እርከን አይደለም እሱ» አሉ። «የላይኛው ነው እርከኑ፣ እነሱ ያሠሩን። የታችኛው ካብ ነው። አባቴ ነው የካበው፣ ከርሟል፤ እነሱ ሲመጡ በእሱው ላይ አስቀጠሉን እንጂ ቀድሞም ነበር።»

ብዕሬን አውጥቼ «እርከን» የሚለውን ሰረዝሁና ከኅዳጉ ላይ «ካብ፣ የአባታቸው» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ ደግሞ ሌሎቹን ቤተሰቦች ሁሉ ልጠይቃቸው የሚገባኝን ጥያቄ አሰፈርሁ፦ የተረፈው እርከን ከሥሩ ካብ ነበረው ወይ? መዝገቡን ዘግቼ ልነሣ ስል «ቆዪማ፣ ላሳይሽ» ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፤ በማሳው ዳር ዳር ወደ ታች አብረን ወረድን።